የሳሙና መስኮት

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

ካሊፐሬን፣ የውፍረት መለኪያዬን፣ ዛሬ ዕቃ ማጠቢያው አጠገብ አገኘሁት። መንጋጋው ላይ ሳሙና ተጋግሮበታል። የነጋዴ ሚዛንና መስፈሪያ ስመረምር ሃያ ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ ይህን መሣሪያ አንድ ቀን እንኳ ሳልወለውል አስቀምጬው አላውቅም። ባለቤቴን ጠየቅኳት።

«ውፍረቱን ልይ ብዬ ነዋ» አለችኝ።

«ቁጥሩ ይታይሻል?»

«አይታየኝም። በአውራ ጣቴ ነው ያነበብኩት።»

ካሊፐር በአውራ ጣት አይነበብም። ነግሬያታለሁ።

ነገሩ ለራሴም ግልጽ እንዲሆንልኝ ከሥሩ ልጻፈው። ባለቤቴ ሠላሳ ዓመት ሥዕል አስተምራ አምና ጡረታ ወጣች። የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ለሕፃናት ክፍሉ መስኮት እንድትሠራለት ጠየቃት። እንደ ሰው ባለቀለም መስታወት አትገዛም፤ በሳሙና ልትሠራው ተነሣች። እሱም አዲስ ሳሙና አይደለም። ሰው ታጥቦበት ታጥቦበት እንደ ቅጠል ሲሳሳ የሚጥለውን ቅሪት ከየቤቱ ትለቅማለች፤ ታደርቃለች፤ ጠርዙን በቀለጠ ሳሙና እያያያዘች በእንጨት ክፈፍ ውስጥ ትደረድራለች። ብርሃን ሲያገኘው ያሳልፋል፤ ይህን አልክድም። መስኮቱ በባለ አራት ማዕዘን ክፍሎች ተከፍሎ ሠላሳ ስድስት ካሬ ነው የሚሆነው። አሥራ አራቱ አልቀዋል። ሦስት ወር ሙሉ የምንበላው ወጥ ቤት ቆመን ነው፤ የምግብ ጠረጴዛው የሳሙና ሆኗል።

ሁለቱም ዓይኖቿ ግላኮማ፣ የዓይን ግፊት በሽታ፣ አለባቸው። ቀዶ ሕክምናው ለሐምሌ 22 ተቀጥሯል። አንድ ጊዜ አስተላልፋዋለች።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

ዝናቡ ገባ። ከቢሮ የእርጥበት መለኪያ አምጥቼ ከጠረጴዛው በላይ ሰቀልኩ። ሰባ አንድ በመቶ። ሳሙናው ማላብ ጀምሯል። ጥናት ሳይደረግ የተጀመረ ሥራ ነው። ማን ሰምቶኝ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

ሐኪሙ ዘንድ ሄድን። ልጅ እግር ነው፤ ግን ሥራውን ያውቃል፤ ቁጥር ሲጠየቅ ቁጥር ይናገራል። በቀኙ የማየት ስፋቷ ከመጋቢት ወዲህ በጣም ጠቧል።

«እናቴ፣ የሄደው አይመለስም» አላት። «እኛ የምንሠራው የቀረውን ለማቆየት ነው። ብንፈጥን ነው የሚሻለው።»

«መስኮቴን ልጨርስ እንጂ።»

«መስኮትዎ የትም አይሸሽም።»

«ሳሙና ነው ዶክተር» አለችው። «ይሸሻል።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ስድስት ሳምንት ማጎንበስ፣ ዕቃ ማንሣት፣ እንፋሎት አጠገብ መቆም ክልክል ነው። ስለዚህ ሃያ ሁለት ካሬ በአምስት ሳምንት ከግማሽ ማለቅ አለበት። በሳምንት አራት ካሬ። ይቻላል፤ ማንም ካላበላሸ።

ሳስበው የምናደደው «የቀረ» በሚለው ቃል ነው። ተማሪው ቀረ ስንል የለም ማለታችን ነው። ሳሙናው ቀረ ስንል አለ። እንዲህ ያለ ቃል ይዞ ሐኪም ለታማሚ ምን ብሎ በትክክል ይነግራል?

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17

ዛሬ ቢሮ ከመጸዳጃ ቤት ስወጣ የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ተደግፋ ጠበቀችኝ።

«ጋሼ፣ የሳሙናው ሌባ እርስዎ ኖት ለካ!»

«ሌባ አይደለሁም። ቅሪቱን ብቻ ነው የወሰድኩት። ሁለት ሚሊ ሜትር አይሞላም።»

«ዓይኔን ግንባር ያርገው ጋሼ፣ ለማንም አልናገር!»

እንዲህ ያለ መሐላ ከዚህ በፊት እሰማው ነበር፤ እንደ ዛሬ ግን አልከበደኝም። ደስ አይልም፤ እንዳትምይብኝ አልኳት። ደነገጠች። ምንም አላጠፋችም። ከሰዓት በኋላ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሰባት ቅሪት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች።

ለአሥር ሩብ ጉዳይ ሲሆን ከመጋረጃው ወዲያ ሁለቱን ወጣት የሥራ ባልደረቦቼን ሰማኋቸው። «ሚሊግራም ጡረታውን ሳይጠብቅ ልብስ አጠባ ገባ።» «ምን ያርግ፣ ሚዛን ሲያጥብ ኖሮ!» ሚሊግራም እኔ ነኝ። የወጣልኝን ስም አልጠላውም። የሚያናድደኝ የእነሱ ያለፈው ወር ሪፖርት ሦስት ስሕተት እያለበት መሳቃቸው ነው።

እሑድ፣ ሰኔ 22

ቀኑን ሙሉ አብሬያት ዋልኩ። ቅሪቶቹን በቀለምና በውፍረት ለይቼ ሃያ አራት ቦታ ባለው ትሪ ላይ ደረደርኩላት። አመስግናኝ ሁሉንም አንድ ላይ ቀላቀለቻቸው።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እያንዳንዱን ቅሪት እያነሣች ፊቷ ድረስ ታስጠጋለች። አንዳንዴ ከጉንጯ ጋር እስኪነካካ። ከዚያ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ታስባለች። በመጋቢት እንዲህ አታደርግም ነበር፤ እጇን ዘርግታ ነበር የምታየው። ልፈትናት ብዬ አንድ አረንጓዴ አንሥቼ ሰጠኋት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የፀጉር ቤቱ» አለች ፊቷ ላይ አድርጋ።

«ቀለሙን ነው የጠየቅኩሽ።»

«የፀጉር ቤቱ ነው አልኩህ እኮ።»

ከሰማያዊዎቹ መሃል አስገባችው። ጥያቄ ማምለጥ ጀምራለች። ያለቁትን ካሬዎች አንድ በአንድ አየሁ፤ አምስተኛው ውስጥ ደማቅ ቀይ ከሮዞች መሃል ተወትፏል፤ ዘጠነኛው ውስጥ ቢጫው ያለ ቦታው ነው። አልነገርኳትም። ምን ብዬ ልንገራት።

ረቡዕ፣ ሰኔ 25

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ደወለች። መስኮቱ በሁለት መስታወት መሃል ይግባ ትላለች። ትክክል ናት። እርጥበቱ ዛሬ ሰባ ስድስት ነው። ባለቤቴ ግን «ውጪው መስታወት ይሁን፤ ወደ ክፍሉ የሚያየው ይከፈት» ብላ ድርቅ አለች።

«ምክንያትሽን ንገሪኝ።»

«ድፍን ያለ ነገር አልወድም።»

«ይህ ምክንያት አይደለም። ኃላፊዋ ካልተቀበለችስ?»

«አፍንጫዋን ትላስ!» አለችና ብቻዋን ከት ብላ ሳቀች። ለምን እንደዚያ እንደሳቀች አልገባኝም።

እሑድ፣ ሰኔ 29

አይጥ። አሥራ ሰባተኛውን ካሬ ግማሹን በልታዋለች። ሳሙና የሚሠራው ከስብ መሆኑን ከእኛ ይልቅ አይጧ ታውቃለች። እንዲህ ይሆናል ብዬ ከወር በፊት ተናግሬ ነበር። ወጥመድ አጠመድኩ። የያዘው የኔን ጣት ነው። እሷ ጣቴን በጨርቅ እየጠቀለለች «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ትለኛለች። ጨርቁን ሁለት ጊዜ ሳተችው፤ ከአጠገቡ ያለውን ደህናውን ጣት ጠቀለለች።

ሃያ ሦስት ካሬ አልቋል። በዕቅዱ ላይ ነን።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5

እህቷ ደረጃ ላይ ወድቃ እግሯ አብጧል። ባለቤቴ እስከ ሰኞ ልታስታምማት ሄደች። ታክሲ ውስጥ አስገባኋትና ተመለስኩ።

ብቻዬን ስቀመጥ መስኮቱን ግድግዳ አስደግፌ ከኋላው መብራት አበራሁ። ሃያ አምስት ካሬ። ልብን የሚነካ ነው፤ አልዋሽም። ግን ስሕተቱን ስቆጥር አሥራ አንድ ካሬ ላይ ቀለሞች ተዘበራርቀዋል። ቤተ መጻሕፍቱ ሲከፈት ሰው ሁሉ ቆሞ ያየዋል። «ምስኪን፣ ዓይኗ እኮ ነው» ይሏታል። ይህን በጆሮዋ እንድትሰማ አልፈቅድም።

አስተካክለዋለሁ። ሁለት ቀን ይበቃኛል። ማወቅ የለባትም።

እሑድ፣ ሐምሌ 6

ጨረስኩ። መገጣጠሚያውን በጋለ ቢላ እየከፈትኩ አወጣኋቸው፤ ቀዩን ከቀይ፣ አረንጓዴውን ከአረንጓዴ አስገባሁ። ውፍረታቸው የተለያየውን ሁሉንም ፍቄ ሁለት ሚሊ ሜትር አደረስኩ። ላያቸው ደብዝዞ ስለነበር ብርሃን እንዲያሳልፉ በአልኮል ወለወልኳቸው። የተረፉትን አንድ ፌስታል ውስጥ ሰብስቤ አሰርኩ።

ንጹሕ ሥራ ነው። መብራቱን አበራሁት፤ አንድም የተዛነፈ የለም። ከቀጠሮዋ አንድ ሳምንት ያህል አትርፌላታለሁ ብዬ አስባለሁ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 7

እንደ ሆነው ልጻፈው።

በምሳ ሰዓት መጣች። ነጠላ ጫማዋን ሳታወልቅ በቀጥታ ወደ መስኮቱ ሄደች። አጎነበሰችና ከታች ከግራ ጥግ ጀመረች። ፊቷን እያስጠጋች፣ ካሬ በካሬ። ሦስተኛው ላይ ቆመች። ወደ ሁለተኛው ተመለሰች። እንደገና ሦስተኛው። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። እንደማይታያት እርግጠኛ ነበርኩ።

«ማነው የነካው?»

«ምኑን?»

«አንተ ሰውዬ፣ አትቀልድብኝ!»

«አስተካከልኩት። ቀይ ከሮዝ ተቀላቅሎ ነበር፣ አረንጓዴው ደግሞ...»

«ቀለም ማን ጠየቀህ?»

ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። 

«እዚህ አራስ ቤት ነበረ» አለች ካሬውን በመዳፏ እየዳሰሰች። «ከማዶ ያለችው አራስ ሦስት ወር አጠራቅማ የሰጠችኝ የሕፃን ሳሙና። ቀጥሎ ልብስ የሚታጠብበት ጓሮ። ከዚያ ፀጉር ቤቱ። ሐኪም ቤቱ እዚያ፣ መጨረሻ ላይ። አንተ ቀዩ አማረህና ሐኪም ቤቱን አምጥተህ ሕፃኑ አልጋ ላይ አስተኛኸው።»

በማሽተት ነበር የምትደረድረው። ከጅምሩ። ፊቷ ላይ የምታስጠጋው ለዓይኗ አልነበረም።

«ለዓይን ከሆነ በመስታወት አልሠራውም?» አለች። «ልጅ መስኮት ሲያገኝ ምን ያደርጋል? አፍንጫውን ይለጥፋል። ሠላሳ ዓመት የክፍል መስኮት ላይ የአፍንጫ አሻራ ስወለውል ኖሬ ይሄን አላውቅም?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«‹የፀጉር ቤቱ ነው› ስልህ ምን መሰለህ?»

«ዓይንሽ የተሳሳተ መስሎኝ...»

«ዓይኔማ ይሳሳታል። ሲሳሳት ንገረኝ። ፊት ለፊት ንገረኝ እንጂ በጀርባዬ አታርመኝ። እኔ የነጋዴ ሚዛን አይደለሁም።»

ፌስታሉን አመጣሁላት። ፈታችና አሸተተችው፤ መልሳ አሰረችው። አንድ ሌሊት አብረው አድረው ሁሉም አንድ ሆነዋል። ካሬዎቹም አልኮል አልኮል ይላሉ። «አንተን አንተን፤ ቢሮህን ይሸታሉ» አለች። በቁጣ አልተናገረችውም። ያ ነው የባሰው።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

አትናገረኝም። እህቷ ደወለች፦ «ወንድምዬ፣ ምን አርገሃት ነው? ስልክ ላይ ሳሙና፣ ሳሙና ብላ አለቀሰች።»  ዝናብ። ሰማንያ በመቶ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

ቀዶ ሕክምናውን ወደ ነሐሴ 13 አዛወረችው። ስልኩን የደወልኩት እኔ ነኝ፤ እሷ ቁጥሮቹ ስለማይታዩዋት። ምክንያቱን ጸሐፊዋ ጠየቀችኝ። የቤተሰብ ጉዳይ ነው አልኩ።

ሦስት ሳምንት ማለት ሃያ አንድ ቀን ነው።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

ጠዋት ካርቶን ይዤ ወጣሁ። ቅሪቶቹ የመጡባቸውን ቤቶች ነገረችኝ፤ እኔ ዞርኩ። ሰው ቤት በር አንኳኩቶ የተጣለ ሳሙና መለመን ምን እንደሆነ አሁን አወቅኩ። አራሷ ልጇን ታቅፋ ከፈተችልኝ። «ለእማማ መስኮት ከሆነ አዲሱንም ውሰዱት!» አዲስ አያገለግልም፤ ታጥቦበት ያለቀ ነው የሚፈለገው አልኳት። «እንግዲያው እዚህ ይጠብቁኝ» ብላ እኔን በር ላይ አቁማ ልጁን አጠበችው። ቅሪቱን ገና እርጥቡን በመሐረቤ ጠቀለልኩት።

ፀጉር አስተካካዩ አወቀኝ። አምና ሚዛን ሊያስመረምር መጥቶ የመለስኩት የሥጋ ቤቱ ባለቤት ወንድሙ ነው። ቅሪቱን ከመስጠቱ በፊት መስታወቱ ፊት አስቀምጦኝ በሳሙናው ጢሜን ላጨኝ። 

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16

ታስተምረኛለች። ዓይኔን በሻርፗ ታስረዋለች፤ አንድ በአንድ አፍንጫዬ ሥር ታደርጋለች። መጀመሪያ ቀን ከአሥር ሁለት አገኘሁ። ዛሬ አምስት። አምስት ውጤት አይደለም።

ለሽታ አሃድ የለውም። በዚህ ተናድጄባት ነበር፤ ያለ አሃድ እንዴት ይለካል አልኳት። «ከምን ጋር እንደሚመሳሰል ነው የምትናገረው» አለች። የልብስ ሳሙናው እርጥብ ድንጋይ። ቀዩ የተቃጠለ ገመድ። የፀጉር ቤቱ የወንድ አንገት። የአራሷን ምን እንደምለው ቃል አጣሁ፤ ልጅ አልወለድንም። እሷም ቃሉን አልነገረችኝም፤ አፍንጫዬ ሥር ከሌሎቹ ይልቅ አቆየችው።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 22

ዛሬ ነበር መሆን የነበረበት።

ሠላሳ ካሬ። አይጧ ሞተች።

ዓርብ፣ ነሐሴ 2

ምርመራ ነበረ። ቀኙ ዓይን ዳር ዳሩ ሄዷል፤ ሐኪሙ በወረቀት ላይ አሳየኝ፤ ባለፈው ነጭ የነበረው ጠቁሯል። «ለምንድን ነው ያዘገያችሁት?» አለ።

«መስኮቱ...» ብላ ጀመረች።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «አሥራ አንድ ካሬ አበላሽቼባት እንደገና ሠራን። ባላበላሽ ሐምሌ 22 ትገባ ነበር።»

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። ከዚያ መልሶ አነሣውና ሌላ ነገር ጻፈ። እሷ መንገድ ላይ «ማን ተናገር አለህ?» አለችኝ። ክንዴን ግን አልለቀቀችም። እይታዋን ያጠበበው ሦስቱ ሳምንት ይሁን አይሁን ሐኪሙን አልጠየቅኩትም። ልጠይቀው ይገባ ነበር።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

ሠላሳ ስድስት። የመጨረሻዎቹን አራት እጄ ሠርቷቸዋል፤ እሷ ወንበር ላይ ሆና በአፍንጫዋ እያዘዘች። «ወደ ግራ። አይ፣ ያ ሆቴሉ ነው፤ ሆቴሉን ጓሮ ምን ወሰደው?» ከአሥር ስምንት ደርሻለሁ።

በቀለም ካየነው ዝብርቅርቅ ነው። ተውኩት።

እሑድ፣ ነሐሴ 11

ሰቀልነው። አናጺው ክፈፉን ሲያጠብቅ የቤተ መጻሕፍቱ ጥበቃ ኮፍያውን አውልቆ መጣ።

«ይሄ መስኮት በስንት ቀን ነው የሚታጠበው?»

«አይታጠብም» አለችው ባለቤቴ። «እሱ ነው የሚያጥበው።»

ጥበቃው ግራና ቀኝ አየና ጠጋ ብሎ አሸተተ። ወደ ቀኝ ሄደ፤ አሸተተ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ሐኪም ቤት» አለ። «እናቴ የተኛችበት።» ከዚያ በኋላ ቀልድ አላመጣም።

እሷ ይህን ሁሉ ዞራ አላየችም። ጆሮዋን ነበር የሰጠችው።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13

ገባች። አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ። ወጣች። ተኝታለች። ሁለቱም ዓይኖቿ ታሽገዋል።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 21

የመጀመሪያው ማሸጊያ የተነሣ ዕለት ሁሉም ነገር ጭጋግ ነው፣ አይመዘንም ብለውን ነበር። ዛሬ መዘኗት። ሐኪሙ ሁለት ክንድ ያህል ርቆ ቆመና እጁን አነሣ። ግራው ዓይን ያለችግር ቆጠረ። ከዚያ ግራውን ሸፈነው።

«እናቴ፣ ስንት ጣት ነው?»

ቆየች። «ሦስት» አለች።

ሐኪሙ «እሺ» ብሎ ጻፈ። ሌላ አልጠየቃትም። ግፊቱ ወርዷል፤ ቀዶ ሕክምናው የሚጠበቅበትን ሠርቷል፤ ከዚህ በኋላ እንዲቆም ነው ተስፋችን አለ። ጠብታዎቹን ስንት ስንት ሰዓት እንደምጨምርላት ጻፈልኝ፤ አንብቤ አረጋገጥኩ።

ኮሪደሩ ላይ አስቆመችኝ።

«ሦስት ነው ያልኩት። ልክ ነኝ?»

ብዙ ሰው ያልፍ ነበር። ግድግዳ አስጠጋኋት።

«አራት ነበር።»

 ጣቶቿ ክንዴ ላይ ጠበቅ አሉ።

«አውራ ጣቱን አጥፎት ነበር መሰለኝ» አለች። «አጥፎት ነበር አይደል?»

«አላጠፈውም። ያጠፈው ትንሿን ጣት ነው።»

ራሷን ነቀነቀች። ሻርፗን አስተካከለች። ደረጃው ጋ ስንደርስ ስንት እንደሆነ ጠየቀችኝ። አሥራ አንድ ነው አልኳት፤ ሰባተኛው ጠርዙ ተሸርፏል። አንድ፣ ሁለት እያልኩ ወረድን።